ቅቤ የተቀባው የቤንዚን ክዳን

ከአዲስ አበባ መነሻ

ሐሙስ ማለዳ ከአዲስ አበባ ስነሳ የጉዞዬ ዓላማ አንድ ብቻ ነበር፤ አክስቴን ከዳምቦያ አንስቼ፣ ልጇ ተጭኖ ሳይሄድ ሆሳዕና ማድረስ። ልጇ ኤርሚያስ ሆሳዕና ቤት ተከራይቶ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይማር ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ከሌሎች ጎረምሶች ጋር አንድ ትምህርት ቤት ግቢ እንደገባና ቅዳሜ ጠዋት ወደ ማሠልጠኛ እንደሚወሰዱ የነገረኝ በአውቶቡስ የመጣ ያገሬ ሰው ነው። አክስቴ ማርታ ግን ይህን አታውቅም። የምትኖረው ከዳምቦያ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነው፤ ወሬው ቢደርሳት እንኳ በእግሯ ሆሳዕና የምትገባው ካሚዮኖቹ ከሄዱ በኋላ ነው። እናቴ በልጅነቴ ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት። ቁጭ ብዬ ማሰብ አልቻልኩም፤ መኪና ፍለጋ ሮጥኩ።

መኪና ያለው ዘመዴ አንድ ነው፣ የሚስቴ አጎት ጋሽ ለማ። ጋሽ ለማን ሰው የሚያውቀው በቁልፉ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ብሶበታል። ስልኩ ተቆልፏል፣ የስኳር ቆርቆሮው ተቆልፏል፣ ከግቢው ጀርባ ያለችው ሰርቪስ ክፍል በትልቅ ጓጉንቸር ተቆልፋለች፤ ከሰል ነው ያለባት ይላል። ሚስቴ «ከሰሉን ማን ይወስድበታል ብሎ ነው?» እያለች ትስቅበታለች፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ላንድሮቨሩም ከቁልፍ አላመለጠም። ያን ጊዜ ቤንዚን በኩፖን ስለሆነ፣ ጨለማን ተገን አድርገው ከቆመ መኪና ሰልባትዮ ውስጥ ጎማ ቱቦ እየከተቱ ቤንዚን የሚስቡ ሌቦች በዝተው ነበር። ጋሽ ለማ ለሰልባትዮው የሚቆለፍ ክዳን ከየት እንደሆነ አፈላልጎ ገዝቶለታል። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፤ በቀይ ክር ታስሯል።

ይከለክለኛል ብዬ ነበር የሄድኩት። የምሄድበትን ጉዳይ ስነግረው ግን መሬት መሬቱን አየና ቁልፎቹን ከወገቡ ፈታ። የወሩን ኩፖኑንም ጨመረልኝ። እንዲህ ያለ ቸርነት ከእሱ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ሐሳቡን ሳይቀይር ብዬ ከግቢው ተፈትልኬ ወጣሁ።

እስከ ሆሳዕና

ሰልባትዮው ሞልቶ፣ ከኋላ ሁለት ጀሪካን ቤንዚን ታስሮ፣ የቀበሌ የይለፍ ወረቀቴ በደረት ኪሴ ሆኖ ዓለም ገናን አለፍኩ። ከዚያ ወዲያ አቧራ ነው። ከፊቴ አውቶቡስ ከገባ ኮረኮንቹን መንገድ አላየውም፤ ልቅደም ስል ደግሞ ገደሉ አይታየኝም። ቲያን፣ ቡኢን እያልኩ ቡታጅራ ስገባ ቅንድቤ ሳይቀር ቀልቷል። ክትፎ አዝዤ ሳልቀመጥ በላሁት። የምግብ ቤቱ ሴትዮ «ማን እያባረረህ ነው?» አለችኝ፤ እውነቷን ነው፣ ሒሳቡን ከፍዬ መልሱን ሳልቀበል ነበር የወጣሁት።

ኬላዎቹ ያንገበግቡኝ ነበር። በየኬላው ገመድ ይወጠራል፣ ወረቀት ይገለበጣል፣ ጀሪካኖቹ ይሸተታሉ፣ ከየት ወዴት እባላለሁ። መልሴ በየኬላው ያው ስለሆነ አንዱ ጠባቂ ከሌላው ለምን እንደማይጠይቅልኝ እያልኩ ብቻዬን እነጫነጫለሁ። ወራቤን ካለፍኩ በኋላ አየሩ ቀዘቀዘ፤ እንሰቱም በየቤቱ ጓሮ እየበዛ መጣ። ሆሳዕና የገባሁት ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ነው።

መኪናውን እንዳቆምኩ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። አጥሩን ይዘው የቆሙት እናቶችና እህቶች ብዙ ናቸው። በዘበኛው በኩል አስጠርቼው ኤርሚያስ ብቅ ሲል በመጀመሪያ አላወቅኩትም፣ ራሱን ተላጭቷል። በአጥሩ መሐል እጄን ያዘ። እኔ በልተሃል፣ ብርድ ልብስ ተሰጥቷችኋል እያልኩ ስለፈልፍ እሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«አማን፣ እናቴን አምጣልኝ። ራሴን ሳትቀባኝ እንዳልሄድ።»

እኛ ዘንድ ልጅ ራቅ ወዳለ አገር ሲሄድ እናቱ ራሱን ቅቤ ትቀባዋለች። የሚሄደው ለትምህርትም ይሁን ለንግድ፣ ሳይቀባ የወጣ ልጅ እንዳልተሸኘ ይቆጠራል። እኔንም ወደ አዲስ አበባ ስትልከኝ አክስቴ ቀብታኛለች፤ አውቶቡስ ውስጥ በግንባሬ እየወረደ አፍሮኝ ነበር። ለኤርሚያስ ቅዳሜ ጠዋት ሳይጫኑ አደርሳታለሁ ብዬ ቃል ሰጠሁት።

ዓርብ፣ ወደ ዳምቦያ

ጠዋት አንደኛውን ጀሪካን ሰልባትዮው ውስጥ ገለበጥኩ። ቁልፉ የዚያን ዕለት ራሱ አቧራ ገብቶበት ቀርቀር ብሎ ነበር፤ እንትፍ ብዬበት በሸሚዜ ጠረግኩት፣ ተከፈተ። ሁለተኛው ጀሪካን ለመመለሻ ነው።

ከሆሳዕና በአንጋጫ አድርጎ ዱራሜ የሚያወርደው መንገድ ለሚዝናና ሰው ደስ ይላል። የሐምበሪቾ ተራራ አንዴ በቀኝ አንዴ በፊት ለፊት እየመጣ አብሮ ይጓዛል። ቀይ አፈር፣ የእንሰት ጓሮ፣ የተደረደሩ ጎጆዎች፣ በአህያ ዝንጅብል የጫኑ ነጋዴዎች ይታያሉ። እኔ ግን አህያ ባየሁ ቁጥር ጡሩንባ እነፋለሁ፤ አህያ ደግሞ ለጡሩንባ ደንታ የላትም። ዱራሜ ቆጮ በአይብና በጎመን በልቼ፣ ዳምቦያን አልፌ፣ መኪና ገብቶበት በማያውቅ የእግር መንገድ አክስቴ ደጃፍ ደረስኩ።

አክስቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። መኪናውን አየች፣ እኔን አየች፣ የመጣሁበትም ነገር ደግ እንዳልሆነ ወዲያው ገባት። ኤርሚያስ እንዳልሞተ አስቀድሜ ነገርኳት፤ ከዚያ ቀሪውን። አላለቀሰችም። ይበላል ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ይበላል አልኳት። ጋቢዋን ልታነሳ ገብታ ሳታነሳው ወጣች፤ ደግማ ገባች፣ አሁንም ባዶ እጇን ወጣች። እዚያ ላይ ነው እኔ ያለቀስኩት።

በዚያው ሰዓት እንነሳ ብትለኝም መብራቱ አንድ ዓይና በሆነ መኪና፣ በዚያ መንገድ፣ ሲመሽ መነሳት ገደል መፈለግ ነው አልኳት። ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። ቤተ ክርስቲያናቸው ታሽጎ ስለነበር ጸሎት የሚደርሰው በየቤቱ፣ በለሆሳስ ነው። ለኤርሚያስ ጸለዩ፣ ለእኔ ጸለዩ፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ለመኪናው ጸለዩ። ያን ጊዜ በሆዴ ሳቅኩ።

ቅዳሜ ማለዳ

ነጋ ሳልል ተነሳሁ። አክስቴ ቀድማኝ ለብሳለች፤ እጇ እስከ አንጓዋ በቅቤ ያብለጨልጫል። ሳልዘጋጅ አንድ እፍኝ አናቴ ላይ አደረገችብኝ። ለኤርሚያስ የሚሆነውን ለጋ ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ታቅፋዋለች። ደግ ነው ብዬ ጀሪካኑን አውርጄ፣ በቀይ ክር የታሰረውን ቁልፍ ወደ ክዳኑ ሳስጠጋ፣ ክዳን የሚባል ነገር የለም። ክዳኑ በነበረበት ቦታ ቢጫ ጉብታ አለ።

መኪናውን ቀብታዋለች። ፊቱን ቀብታዋለች፣ ጎማዎቹን ነካ ነካ አድርጋቸዋለች፣ ቤንዚን የሚጠጣበትን አፉን ግን ከሁሉም አብልጣ፣ በአውራ ጣቷ እየጠቀጠቀች፣ ቁልፉ የሚገባበትን ቀዳዳ ሳይቀር ሞልታዋለች። የተጓዥ በረከት በአፉ ይገባል። ቅቤውም በዚያ ቆላም ደጋም ባልሆነ ማለዳ ብርድ ረግቶ፣ ከትናንቱ አቧራ ጋር ተቦክቶ ተጣብቋል። ቁልፉ ግማሹ ገብቶ ቆመ። ወደ ቀኝ ብለው፣ ወደ ግራ ብለው፣ ንቅንቅ የለም። ጠበቅ ሳደርገው ጫፉ ሊጣመም ሲል ደንግጬ ለቀቅኩት። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው።

ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ እያየ «ምረቃሽ መኪናውን ዘጋው» ብዬ ለአክስቴ እንዴት ልንገራት? ልጇ ሊወሰድባት ነው፤ ያላት ቅቤና ጸሎት ነው፤ ሁለቱንም ሰጥታኛለች። የቀረው ቤንዚን ዱራሜ ያደርሰናል፣ እዚያ ብልሃት ይገኛል ብዬ ጀሪካኑን መልሼ ጫንኩና አስነሳሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ መልቀሙም አልሆነልኝም፤ ዱራሜ ሳንገባ፣ አንዱ ዳገት ላይ መኪናው ሁለቴ ተንገራግጮ ዝም አለ።

ዳገቱ ላይ

የገበያ ቀን ነው። መንገዱ በሰው ሞልቷል፤ አንድ ሰው ቆመ፣ ሌላው ለምን ቆመ ብሎ ቆመ፣ ጥቂት ሳይቆይ ተከበብን። ሞልቶ የተቀመጠ ጀሪካን ይዤ በቤንዚን እጦት መቆሜን ሰው ሊያምነኝ አልቻለም። ምክር ግን ሞልቷል። አንዱ በጫማው ረግጠው አለኝ። አንዱ ክብሪት አውጥቶ ቅቤውን በእሳት ላቅልጠው ብሎ ወደ ሰልባትዮው ጎንበስ ሲል እጁን ይዤ ጮህኩበት። አንዲት ሴት ከመንገድ ዳር ቤት የፈላ ውሃ ላምጣ አለች። ይህኛው ደህና ምክር ነበር። እሺ ከማለቴ በፊት ግን አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ምርኩዛቸውን አስቀድመው መጡና ክዳኑን አዩት።

«ይኼን ማነው የቀባው?» አሉ።

አክስቴ ከወንበሯ ሳትወርድ እሷ መሆኗን ነገረቻቸው። ወዴት እንደምንሄድም ነገረቻቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁና በትክክል ቀብታዋለች አሉ፤ አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ቅቤውን በጣቱ ነካ አድርጎ አሸተተና ለጋ ነው ሲል መሰከረ። ውሃ የሚባለው ነገር ተረሳ። ለመንገድ የተቀባ ቅቤ መንገዱ ሳያልቅ በሰው እጅ አይነሳም፤ ራሱ ቀልጦ ከወረደ ወረደ፣ መጥረግ ግን ምረቃን መልሶ መጣል ነው። ውሃ ላምጣ ያለችው ሴትዮ ሳትቀር ይቅር አለች።

እኔ ተበሳጨሁ። በከምባትኛ ጀምሬ በአማርኛ ጨረስኩት፤ ልጁ በዚህች ሰዓት እየተጫነ ነው፣ ቅቤ ምን ያደርግልናል፣ እጠርገዋለሁ ብዬ ጨርቅ አወጣሁ። አክስቴ ያን ጊዜ ወረደች። አልተቆጣችም። እጄን ከነጨርቁ ያዘችና «ይኼን ከጠረግከው ብንደርስም አልደረስን» አለችኝ። የሞተውን ሞተር ትቼ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ፀሐይዋ ከፍ ከፍ እያለች ነው፣ ክዳኑ ያለበት ጎን ግን ገና ጥላ ውስጥ ነው።

በዚህ መሐል ከዱራሜ በኩል ዝንጅብል ሊጭን የሚሄድ ካሚዮን መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ ሸረፋ የሚባል የሆሳዕና ሰው ነው፤ ሲወርድ ጀምሮ እንዲህ ያለ ክዳን በጥርሱ እንደከፈተ፣ ከወላይታ እስከ ጂማ የሚያቅተው መኪና እንደሌለ ያወራል። ቁልፉን ሞከረ፣ አቃተው፤ ክዳኑን ሰደበ። እኔ ተስፋ ቆርጬ፣ የሰልባትዮውን መንገድ ትተን ከጀሪካኑ በቀጥታ ወደ ቤንዚን ፖምፓው የምናገናኝበት አንድ ቱቦ ቢኖር ኖሮ መኪናው ይሄድ ነበር አልኩ። ሸረፋ ወሬውን አቋረጠ። ካሚዮኑን አየ፣ ሰውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ሄዶ ከወንበሩ ሥር ረዘም ያለ ጎማ ቱቦና ትንሽ ጀሪካን አወጣና ሳያየኝ ሰጠኝ። የቱቦው ጫፍ በአፍ ከመሳብ ብዛት ለስልሷል፤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

«የውሃ ነው» አለ።

ጋሽ ለማ ያን ክዳን የገዛው እንዲህ ያለውን ሰው ፈርቶ ነው፤ እኔ ደግሞ ያን ቀን እንዲህ ያለውን ሰው አንገቱን አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝም።

ኮፈኑን ከፍተን ከሰልባትዮው የሚመጣውን ከፖምፓው ነቀልን፣ የሸረፋን ቱቦ ሰካን፤ ሌላውን ጫፍ በፓርብሬዛው ሥር ባለችው የአየር መግቢያ አሾልከን ትንሿ ጀሪካን ውስጥ ከተትነው። ሸረፋ ቤንዚኑን ስቦ አንድ ጉርሻ ዋጠና ሲተፋ ዓይኑ ቀላ። ሞተሩ አስነጠሰ፣ ደገመ፣ ተነሳ። ጀሪካኗ ወለል ላይ ብትቀመጥ በየጉድጓዱ ትገለበጣለች፤ ስለዚህ አክስቴ ጭኗ ላይ አቀፈቻት። ሰዉ ዳር ዳሩን እየሮጠ ገፋን።

ወደ ሆሳዕና

ያን መንገድ እንዴት እንደነዳሁት አሁንም ስተኛ ይመጣብኛል። ዳገት ላይ ቤንዚኑ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ሞተሩ ይንተፋተፋል፤ አክስቴ ጀሪካኗን ዘንበል ታደርጋለች፣ ይነሳል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ቀና ታደርጋታለች። ሲያልቅ ቆመን ከትልቁ እንሞላለን። መስኮቶቹ ሁሉ ተከፍተው እንኳ ሽታው ራስ ያዞራል። አንጋጫ ልንደርስ ስንል በዚያው በከምባትኛ፣ ፊቷን ከጀሪካኗ ሳታነሳ፣

«ኤርሚያስን ሳጠባ እንዲህ አላስቸገረኝም» አለች።

ሳቅን። ከሐሙስ ጀምሮ ድምፅ አውጥቼ የሳቅኩት ያን ጊዜ ነው። ሳቃችን ሳያልቅ ግን እጇን ወደ ጭኗ ሰደደች። ለኤርሚያስ የያዘችው ቅቤ ከጀሪካኗ ሥር ነበረ። የእንሰት ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ አሸተተችውና መልሳ ሸፈነችው። በየጉድጓዱ የፈሰሰው ቤንዚን ሁሉ ገብቶበታል። ከሱቅ እንገዛለን አልኳት። የሱቅ ቅቤ ግን ከእናት ቤት አልወጣም። የእንሰት ቅጠሉን ከነቅቤው በመስኮት አውጥታ ጣለችው።

ሆሳዕና መግቢያ ኬላው ላይ የቆመው ሚሊሺያ ጭኗ ላይ ቤንዚን የታቀፈች ሴት አይቶ አያውቅም መሰለኝ፣ ጠመንጃውን አስተካክሎ ያዘ። አክስቴ የይለፍ ወረቀት የላትም። ማብራራት ስጀምር እሷ ጎንበስ ብላ ልጇ ሊሄድባት እንደሆነ በተሰባበረ አማርኛ ነገረችው። ጥቂት አያትና ገመዱን ጣለ።

ትምህርት ቤቱ በር

ስንደርስ ካሚዮኖቹ ተደርድረዋል፤ የመጀመሪያው በሩን አልፎ አፍንጫውን መንገዱ ላይ አውጥቷል። ልጆቹ ቆመው ይዘፍናሉ፣ ሴቶቹ ከሥር ያለቅሳሉ፤ የትኛው ድምፅ የማን እንደሆነ አይለይም። አክስቴ ከሁለተኛው ካሚዮን ላይ የተላጨ ራስ አየች። መኪናውን እስካቆም አልጠበቀችኝም። በሩን ከፍታ ወረደች፣ ጀሪካኗ አብራት ወረደች፣ ቱቦው ተመዝዞ ወጣ። ላንድሮቨሩ መንገዱን በአግድም ዘግቶ፣ ልክ ከመጀመሪያው ካሚዮን ፊት፣ ጸጥ አለ።

አንድ የመቶ አለቃ እየሮጠ መጥቶ አንሳ አለኝ። አይነሳም አልኩት። ቤንዚን የለህም ወይ አለ፤ አለኝ፣ ሰልባትዮው አይከፈትም አልኩት። ለምን አይከፈትም ሲለኝ ቅቤ ስላለበት ነው አልኩት። እንደሚመታኝ አውቄ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። እሱ ግን ክዳኑን ሄዶ አየውና ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ፤ ማን ያውቃል፣ እሱንም አንዲት እናት ወልዳዋለች። ወደ ካሚዮኖቹ ዞሮ ልጆቹን፣

«ውረዱና ግፉት» አለ።

ልጆቹ ዘለሉ። ከሁለተኛው ካሚዮን ኤርሚያስ ሳይጠራ ዘለለ። መኪናውን ገፋ አላደረጉትም፤ ዙሪያውን ይዘው የሚገፉ መሰሉ እንጂ ማናቸውም አልገፉም። አክስቴ በሰው መሐል ሰንጥቃ መጥታ ክዳኑ አጠገብ ቆመች። ፀሐይ አግኝቶት ላብ ያላበውን፣ አቧራ ለብሶ የጠቆረውን ቅቤ በጥፍሯ ከዙሪያው ፋቀችው፤ ከፀጉሯ ወስፌ ነቅላ ከቁልፉ ቀዳዳ ጭምር አወጣችው። ጠብታ አላስቀረችም። ከዚያ በሁለት እጇ የልጇን የተላጨ ራስ ያዘችና ቀባችው። ቤንዚኑም፣ አቧራውም፣ የዳምቦያውም ቅቤ አንድ ላይ በግንባሩ ወረደ። ኤርሚያስ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመላት።

«የእኔ መንገድ እዚህ አለቀ» አለችው። «አሁን ያንተ ነው።»

ከዚያ በእውነት ገፉት፤ ካሚዮኖቹ አለፉ። አንባቢ እንዳይጨነቅ አሁኑኑ ልንገረው፤ ኤርሚያስ ከዓመታት በኋላ ተመልሷል፣ በግራ እግሩ እያነከሰ ተመልሷል። ያን ቀን ግን ይህን የሚነግረን አልነበረም። አክስቴ አቧራው እስኪረግፍ መንገዱ መሐል ቆማ ቀረች።

ሥራ ላለመፍታት ያህል ቁልፉን አወጣሁና ክዳኑ ውስጥ ከተትኩት። ያለ ምንም ችግር ዞረ። ተከፈተ። መሳቅም መሳደብም ፈልጌ ሁለቱንም ሳላደርግ ጀሪካኑን ገለበጥኩበት።

መመለሻ

የነቀልነውን ቱቦ ወደ ፖምፓው መልሼ፣ በተረፈው ኩፖን ቤንዚን ጨምሬ አክስቴን ዳምቦያ መለስኳት። እሑድ የቤት መኪና መንዳት አይፈቀድም ነበርና እዚያው ዋልኩ፤ ሰኞ ስነሳ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ሰጠችኝ። ለመኪናው ባለቤት ነው፣ ራሱን ይቀባው አለችኝ። ቱቦውን ለሸረፋ ሆሳዕና ዘመዱ ዘንድ አስቀመጥኩለት። ለዘመዱም የውሃ ነው አልኩት።

አዲስ አበባ ጋሽ ለማ ግቢ ስገባ ጀምበር ዘቅዝቃ ነበር። እንደጠበቅኩት መጀመሪያ የሄደው ወደ ክዳኑ ነው። ጎንበስ ብሎ አሸተተው፣ ቀና ብሎ አየኝ። ሳልደብቅ ሁሉንም ነገርኩት፤ ስለ ሸረፋ ሳይቀር። ይቆጣል፣ ካልሆነም ይስቃል ብዬ ስጠብቅ ቅቤውን ተቀበለኝና እንደቆመ ቀረ።

«እናቲቱ ደረሰች?» አለኝ።

«ደረሰች።»

«ቀባችው?»

«ቀባችው፣ ጋሼ።»

የቁልፍ ዘለላውን ከወገቡ ፈታና ቅቤውን እንደያዘ ወደ ግቢው ጀርባ ሄደ። ተከተልኩት። የሰርቪስ ክፍሏን ጓጉንቸር ሲከፍት ሁለት ጊዜ ሳተው። በሩን ገርበብ አድርጎ በቀስታ «ብሩክ» አለ። ብሩክ ልጁ ነው፤ ከኤርሚያስ ጋር እኩያ ነው፤ ምልመላው ከመጀመሩ በፊት ድሬዳዋ ዘመድ ቤት ሄደ ብሎ ለሁላችንም የነገረን ልጁ። ከውስጥ የከሰል ሽታ አልመጣም። ብርሃን የጠላ፣ የነጣ ፊት ብቅ ብሎ ወዲያው ተመለሰ።

ጉዞው ምን አስተማረህ ለሚለኝ ይህን ነው የምለው፤ ሰው የቆለፈውን አይቶ መሳቅ ቀላል ነው። ያን ሁሉ ጊዜ በዚያ ጓጉንቸር ከሚስቴ ጋር ስስቅ ከኋላው ምን እንዳለ አንድ ቀን አልጠየቅኩም።

ጋሽ ለማ ቅጠሉን እየፈታ ገባና በሩን ከውስጥ መለሰው። ጓጉንቸሩ ግን ተከፍቶ፣ ቁልፉ እንደተሰካበት፣ ዘለላው እየተወዛወዘ ውጭ ቀረ። ሰው ቢመጣ ብዬ በሩን በጀርባዬ ሸፍኜ ቆምኩ። ቀብቶት እስኪወጣ ድረስ፣ ከሐሙስ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቸኩል፣ እዚያው ጠበቅኩ።